ከኢዲዶ ሴቶች ቀድመን ሥዕሉን ልናይ ሄድን

ከዲላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ነው የሚያዞረው። እኔ ግን እሁድ ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉዞውን ተጓዦቹ ራሳቸው ከሚነሱበት ቦታ እንድጀምር ታዝዣለሁ። ተጓዦቹ ደግሞ ኢዲዶ ውስጥ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠሩ ሠላሳ ስምንት ሴቶች ናቸው።

ሴቶቹ ማኅበር አላቸው። የቡናው ሥራ ባለቀ ቁጥር ማኅበሩ አባላቱን በዓመት አንድ ጊዜ ሽርሽር ይወስዳል። አርባ ምንጭን አይተዋል፤ ሀዋሳማ ደጋግመው ሄደውበታል። ዘንድሮ ሰብሳቢያቸው ዘነበች አዲስ አበባ ሄደን ትልቁን የሥዕል ሙዚየም እንይ አለች። ነገሩን የቀሰቀሰው ልጇ በስልክ ያሳየቻት ሥዕል ነው። በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ምርት በሚሰጣበት የሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሴቶች ሥዕል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ምስሉ ትንሽ ነው፤ ሲያሰፉት ደግሞ ይደበዝዛል። አንዷ ቡና ነው አለች፤ ሌላዋ የተሰጣ በርበሬ ነው ብላ ተከራከረች። ዘነበች «ምን አጨቃጨቀን? ሄደን እንየው!» አለች። ግማሾቹ አጨበጨቡ። የቀሩት ከእማማ ደስታ ጋር ሆኑ። በማኅበሩ ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው።

«የራሴን ሥራ ግድግዳ ላይ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ አልሄድም» አሉ። «እኔ ሀዋሳ ሄጄ ዓሣዬን እበላለሁ።»

በዚህ ማኅበር እንዲህ ያለ ክርክር እጅ በማውጣት ብቻ አይቋጭም። መጀመሪያ ሰው ይላካል። አንድ ሰው ብቻውን አይቶ የመጣው ወሬ ነው፣ ሁለት ሰው ያየው ግን ነገር ነው ይላሉ። ስለዚህ ሐሳቡን ያመጣችው ዘነበች ቀድማ ሄዳ ታያለች፤ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው ደግሞ አብሯት ሄዶ ይመሰክራል። ስለ ቡና ስዘግብ ለዓመታት የተዋወቅን ስለሆንን ምስክርነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ግዴታዬም ተነገረኝ፤ አይቶ ዝም ማለትና ሲጠይቁኝ ብቻ መመለስ። ለጋዜጠኛ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ቢሆንም ተቀበልኩ።

ዘነበች በሁሉም ፊት ቃል ገባች። «ሥዕሉ የማይረባ ከሆነ እኔው ራሴ ሀዋሳ እላለሁ። ሰብሳቢነቱንም እለቃለሁ።» ሁለተኛውን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ዓይኖቿን ሳይ ግን የምሯን መሆኑን አወቅኩ።

እሁድ፦ ከኢዲዶ እስከ ሀዋሳ

ከይርጋጨፌ ኢዲዶ በሞተር ብስክሌት ወጣሁ። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ቀይ አቧራው እስከ ጉልበቴ አለበሰኝ። ቤተ ክርስቲያን ገና አላለቀም ነበርና በር ላይ ጠበቅኩ። ዘነበች ስትወጣ የእሁድ ልብሷን እንደለበሰች ናት፤ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው ከበድ ያለ ዘንቢል ይዛለች።

«ዘንቢሉ ምንድን ነው?»

«ቆጮ ነው። ትንሽ አቦካዶና የተቆላ ቡናም አለበት።»

«ለመንገድ?»

«ለሙዚየሙ ነው እንጂ።»

«ሙዚየም አይበላም፣ ዘነበች።»

«ውስጡ ያሉት ሰዎች ይበላሉ። ባዶ እጄን ሰው ቤት ልግባ እንዴ፣ እትዬ?»

ከይርጋጨፌ የተነሳው ሚኒባስ እስከ ወናጎ ድረስ በየመታጠፊያው እየቆመ ሰው ጫነ። በዚህ መንገድ ላይ ሜዳ ብሎ ነገር የለም። ቤቶቹ ከእንሰቱ ኋላ፣ እንሰቱ ከቡናው መሃል፣ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር ነው፤ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ብቻ ነው ቤት መኖሩ የሚታወቀው። ወናጎ ላይ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ።

«አዲስ አበባ፣ ሥዕል ልናይ» አለች ዘነበች።

«የማንን ሥዕል?»

«የቡና ለቃሚዎች ነው።»

አዛውንቱ አሰብ አደረጉ። «ለቃሚ ለማየት ነው ከኢዲዶ የምትሄጂው? እኛ ቤት ብትመጪ አራት አሳይሽ ነበር። ያውም በነፃ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ዘነበችም ሳቀች። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዘንበል ብላ «እማማ ደስታ ይሄን ሰምተው ቢሆን አበቃልኝ ነበር» አለች።

ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ገብተን በወፍራም ብርጭቆ የአቦካዶ ስፕሪስ ጠጣን፤ በማንኪያ የሚበላ ነው ማለት ይቀላል። ዘነበች እግረ መንገዷን ሠላሳ ስምንት ሰው አንድ ላይ ሊቀመጥ ይችል እንደሆነ ባለቤቱን ጠየቀች። ሰውየው ሠላሳ ስምንት ወንበር እንደሌለው፣ ከጎረቤት ግን እንደሚበደር ነገራት። መንገዱን ሁሉ እንዲህ ነበረች። መኪናው በቆመበት ሁሉ ጥላ ያለበትን፣ ውኃ የሚገኝበትንና ሽንት ቤቱ ቁልፍ ያለውን ታጠናለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሀዋሳ ገባን። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይዘን እራት ልንበላ ወጣን። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። እኔ አዘዝኩ፤ ዘነበች ፓስታ አለች።

«ዓሣ አትወጂም?»

«እወዳለሁ። ግን ዛሬ ከበላሁ ለእማማ ደስታ መሰከርኩ ማለት ነው።»

ሰኞ፦ የተዘጋ በር

በማለዳ ከሀዋሳ ተነሳን። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ስንወርድ መሬቱ ለጥ እያለ ሄደ። ዘነበች ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሲያጋጥማት ጥላ ፈለገች። «እዚህ ቡና ቢተክሉ በሳምንቱ ይቃጠላል» አለች። መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት በክምር ይሸጣል፤ ሞጆ ላይ ከባድ መኪኖች ሰልፉን አስረዘሙት። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቃሊቲ ወረድን፤ ከዚያ ሁለት ታክሲ ለዋውጠን ሙዚየሙ በር ላይ ደረስን።

በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እጁን አወዛወዘ።

«ሰኞ ዝግ ነው።»

ዘነበች ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሥዕሎቹ ሰኞ ወዴት ይሄዳሉ?»

«የትም አይሄዱም፣ እናቴ። ያርፋሉ።»

«ሲሰቀሉ ከርመው ምን አደከማቸው?»

ጥበቃው ሳቀ።

ሰኞን የመረጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ሲመርጡም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ አለ። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰርግ ላይ ያልተገኘ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚልበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ራቅ ያለ ዘመድ የሚጎበኝበት ቀን ለእነሱ ሰኞ ነው። ለእንግዳ በር የሚከፈትበት ቀን በመሆኑ ሙዚየምም በዚያው ቀን የሚከፍት መስሏቸዋል። እኔ ቅዳሜ ደውዬ ነበር፤ ስልኩን ያነሳ አልነበረም። ያልተረጋገጠ መረጃ ይዤ መንገድ መግባቴን ልብ ብዬዋለሁ። ቀድሞ ሰው መላክ ጥቅሙም ይሄው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ከሚመለስ ሁለታችን በር ላይ መቆማችን ይሻላል።

ከሰዓት በኋላውን በከንቱ አላሳለፍነውም። ሴቶቹ ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ማደር ይችሉ እንደሆነ ለማየት ዘነበች ከኢዲዶ ቤተ ክርስቲያን የአንድ የአዲስ አበባ አጥቢያ ስልክ ይዛ ነበር፤ ደውለን ሄድን። አዳራሹን የሚጠብቁት እህት ራሳቸው የይርጋለም ልጅ ሆነው ተገኙ። ዘነበች ወለሉን በእጇ ነካካች፤ ቅዝቃዜው ብዙ አይደለም። የሽንት ቤቱን በሮች አንድ በአንድ ከፍታ ዘጋች፤ ቧንቧዎቹንም ለቀቀች። ከመጨረሻው በስተቀር ከሁሉም ውኃ ይወርዳል።

«እህቴ፣ ልትገዢው ነው እንዴ?» አሉ ጠባቂዋ።

«ሴቶቻችንን ስለማያውቋቸው ነው» አለች ዘነበች። «ውኃ ከሌለ ሥዕሉን አያዩትም። ሲያወሩ የሚኖሩት ስለ ሽንት ቤቱ ነው።»

ማክሰኞ፦ ሥዕሉ ፊት

በማግስቱ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች እኛ ነበርን። ቦርሳችን ተፈተሸ። ምግብ ወደ ውስጥ አይገባም ስለተባለ ዘንቢሉ ጥበቃው ክፍል ቀረ፤ «ጠብቁት ሳይሆን ብሉት» አለቻቸው። የጎብኚዎች ክፍል ሠራተኛዋ መክሊት ተቀበለችን። ፈጣን፣ ፈገግታ የማያጣት ሴት ናት። ቡድን ሲመጣ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚገባ፣ አስጎብኚ ከፊት እንደሚሄድ፣ ሥዕል በእጅ እንደማይነካና ድምፅ ዝቅ እንደሚል አስረዳችን።

«ምን ያህል ዝቅ?» አለች ዘነበች።

«እንደ ቤተ መጻሕፍት።»

«ቤተ መጻሕፍት አልገባንም። እኛ እጃችን ሲሠራ አፋችንም ይሠራል። አይታችሁ ዝም በሉ ካልሻቸውማ ይታመማሉ።»

መክሊት ሳቀች። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ሌላ ጎብኚ ስለማይኖር ያኔ ከመጡ ትንሽ ማውራት እንደሚቻል ነገረቻት። ዘነበች ይሄኛውን እንድደግምላት ጠየቀችኝና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያዘችው።

አዳራሾቹ ሰፋፊዎች ናቸው፤ ወለሉ ላይ የጫማ ድምፅ ያስተጋባል። ዘነበች አንድ ሥዕል ፊት ስትቆም አትቸኩልም። ዝናብ የያዘው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥዕል ፊት ቆማ «ይሄ ሰውዬ ቤቱ ያፈሳል ማለት ነው» አለች። ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ቀለም የተሸፈነ፣ ሰውም ዛፍም የሌለበት ትልቅ ሸራ ጋ ስንደርስ ዞራ መክሊትን አየቻት።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ሠዓሊው ርእስ አልሰጠውም።»

«ስም ሳያወጣለት ነው ከቤት ያስወጣው?» አለች። ሆኖም ብዙ ቆመች። በመጨረሻ «ደስ ይላል፤ ስሙን ሴቶቻችን ያውጡለት» ብላ አለፈች።

የፈለግነው ሥዕል በመጨረሻው ክፍል ነበር። ከጠበቅነው በጣም ይበልጣል፤ ሴቶቹ ቁመታቸው የእኛን ያህላል።

«ቡና ነው!» አለች ዘነበች ገና ከበሩ። «በርበሬ አይደለም። አላልኩም?»

ቀረብ ብላ አየች። የአልጋው እንጨት፣ የተወጠረው ሽቦ፣ ፀሐይ ሲበረታ ቡናው ላይ የሚሳበው ሸራ፣ ሻሽ ያሰሩት ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም በቦታው ነው። አንደኛዋ በክንዷ ላብዋን ስትጠርግ ይታያል። ዘነበች ፊቷ በርቶ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ሁሉም ማዶ ናቸው» አለች።

መክሊት አልገባትም። ለእኔ ወዲያው ገባኝ። በማድረቂያ አልጋ ላይ ለቃሚዎች ሁልጊዜ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። አልጋው ሰፊ ስለሆነ የአንድ ሰው ክንድ ከዳር እስከ ዳር አይደርስም። በዚያ ላይ አንዷን የራሷ ጥላ የከለለባትን የጠቆረ ወይም የተሰበረ ፍሬ ፊት ለፊት ያለችው ታይላታለች፤ «ከእጅሽ በታች» ትላታለች፤ ያቺም ታነሳዋለች። በአንድ ወገን ብቻ ተደርድሮ የሚሠራ የለም። በሥዕሉ ላይ ስድስቱም ከአልጋው ማዶ ቆመዋል። ከወዲህ ማንም የለም።

«የወዲሁን ግማሽ ማን ሊለቅመው ነው?» አለች ዘነበች። «ቡናው እኮ እየተበላሸ ነው።»

«ሠዓሊው ፊታቸው እንዲታይ ፈልጎ ይሆናል» አለች መክሊት።

«ፊት ምን ያደርጋል?»

መሃል ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። መክሊት ቀስ ብላ «ቀን ልያዝላችሁ?» ስትላት «ቆይ እስቲ» ብቻ አለች። የመጣችው ያየችውን ለማኅበሯ ልትናገር ነው። ልትናገረው የሚገባት ደግሞ ይሄ ሆነባት። እኔ የተቀበልኩት አደራ ዝም ማለት ነበር፤ ዝም አልኩ።

ረቡዕ፦ መልስ

ወደ ሀዋሳ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ሞጆን ስናልፍ ዘነበች ወሬ ጀመረች።

«እትዬ፣ ስለ ወዲህኛው ወገን ባልናገርስ?»

«እኔ የምናገረው ሲጠይቁኝ ነው።»

«ካልጠየቁሽስ?»

«እማማ ደስታ ሳይጠይቁ የሚቀሩ ይመስልሻል?»

ከልቧ ሳቀች። «አይቀሩም። ሬሳንም ቢሆን ይጠይቃሉ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የፈለጉትን ይበሉኝ። አዳራሹንም እነግራቸዋለሁ፣ ሰኞንም እነግራቸዋለሁ፣ ይሄንንም እነግራቸዋለሁ። ቀባብቼ ከወሰድኳቸውና እዚያ ደርሰው ካዩት በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

መሸት ሲል ዲላ ደረስን። እኔ በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እሷ የይርጋጨፌውን የመጨረሻ ሚኒባስ ለመያዝ ሮጠች።

እሁድ፦ ኢዲዶ

ስብሰባው በማጠቢያ ጣቢያው ግቢ ነበር። ሥራ ስለሌለ ከአልጋዎቹ ላይ መረቡ ተነስቷል፤ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዘነበች ቆማ በጌዴኦኛ ተናገረች፤ አጠገቤ ያለችው ሴት በአማርኛ ትነግረኛለች፣ አልፎ አልፎም ዘነበች ራሷ ለእኔ ስትል ትደግመዋለች። ሰኞ ዝግ መሆኑን ስትናገር ተሳቀ። የሽንት ቤቱ ውኃ እንደሚወርድ ስትናገር እልልታ ተሰማ። ጠዋት በማለዳ ከገቡ ማውራት እንደሚቻል ስትል «ተመስገን!» ያሉ ነበሩ።

ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች። «ሥዕሉ ትልቅ ነው። ቡና ነው። ያማረ ነው። ግን ሴቶቹ ሁሉ ማዶ ናቸው። ከወዲህ አንድም ሰው የለም።»

ግቢው ተናወጠ። «በአንድ ወገን?» «የወዲሁ ሊበሰብስ ነዋ!» «ሰውዬው አልጋ አይቶ ያውቃል?» አንዷ «በቃ፣ ሀዋሳ!» ብላ ጮኸች። ዘነበች እጆቿን አጣምራ ቆማለች። መሬት መሬት ታያለች።

እማማ ደስታ ግን አልጮኹም። በበትራቸው አንዴ መሬቱን መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጋዜጠኛዋ፣ እውነት ነው ያለችው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

ወደ ዘነበች ተመለሱ። «ሴቶቹ ፊታቸው ወዴት ነው?»

«ወደ እኔ።»

«እጃቸውስ?»

«አልጋው ላይ ነው።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«እኔማ ሥዕሉ ፊት።»

«ሥዕሉ ፊት ማለት ከአልጋው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»

ዘነበች አጣምራ የያዘቻቸውን እጆቿን ፈታች።

«ወዲህ ነበርሻ!» አሉ እማማ ደስታ። «ታዲያ ሰዎቹ ማዶ ሆነው እየለቀሙ ሲጠብቁሽ አንቺ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ቆመሻል። ከዚያ መጥተሽ ሰው የለም ትይናለሽ!»

የመጀመሪያዋ የሳቀችው ራሷ ዘነበች ናት። ከዚያ ግቢው ሁሉ ተከተላት፤ አንዳንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ጋብ ሳይል ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከስድስቱ ፊት ለፊት እነማን ይቁሙ? ላብዋን ከምትጠርገዋ ፊት እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ተባባሉ። እጅ እንዲወጣ ማንም አልጠየቀም። እማማ ደስታ ሁለት ነገር ብቻ አሉ፤ ዓይናቸው ደከም ስላለ ከፊት እንደሚቆሙና ሲመለሱ ሀዋሳ እንደሚታደር። ዘነበች ሁለቱንም ተቀበለች። ሰብሳቢነቱን ስለ መልቀቅ ማንም አላነሳባትም።

ሰኞ ተነስተው ማክሰኞ ጠዋት ሊገቡ ተስማሙ። ቀኑን ለመክሊት የማሳውቀው እኔ ነኝ።

ወደ ዲላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማስታወሻዬን አወጣሁ። በዚህ ሥራ ረጅም ዓመት ሰዎችን ምን እንዳዩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ማን ነበር፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ተባለ እላለሁ። እማማ ደስታ ግን ያየችው ሴት የት ቆማ እንዳየች ጠየቁ። መልሱም እዚያው ነበር። ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ ከሌሎቹ ጋር እጠይቃለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ማክሰኞ ጠዋት እኔም ከዘነበች ጎን፣ ከአልጋው ወዲህ፣ እጄን አጣጥፌ ቆሜ ነበር።